የመኪና ኤሲ ኮንደንሰር አቀያየር፣ በደጋ ከተማ እርጥበትን ጨርሶ ከማስወጣት ጋር

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ፣ አዳማ ታልፎ መተሐራ ሲደረስ ኤሲ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ያበቃል። የመኪናዬን ኤሲ ጉድለት ያወቅሁት እዚያ ነው። ኮንደንሰሩ ከተቀየረ ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ምንም እንከን አልታየበትም። የፈንታሌ ተራራ ፊት ለፊት ሲታየን 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ አየር ሰጠንና ሞቀ። አጥፍቼ ጥቂት ቆይቼ ሳበራው እንደገና ቀዘቀዘ፤ ከዚያም ተመልሶ ሞቀ። አዋሽ እስክንደርስ ድረስ እንዲሁ ተፈራረቀብን።

ጋዝ ጎድሎ ቢሆን ኖሮ አጥፍቶ በማብራት ብቻ ደህና ሆኖ አይመለስም ነበር። ጥፋቱ የውኃ ነው። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረች ጥቂት እርጥበት በኤክስፓንሽን ቫልቩ፣ ፈሳሹ ጋዝ ተረጭቶ በሚቀዘቅዝበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ላይ በረዶ ሆና መንገዱን ትዘጋለች፤ ኤሲው ሲጠፋ ትቀልጣለች፤ ሲበራ እንደገና ትረጋለች። ኮንደንሰሩ የተቀየረው በሐምሌ ዝናብ ነበር። ቱቦዎቹ አፋቸው ሳይደፈን አድረዋል፤ አየሩን ከውስጥ የሚያወጣው ቫኪዩም ፓምፑም የሠራው ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ራሴ እሠራለሁ። ኮንደንሰር ማውጣትና መግጠም ቁልፍ መጨበጥ ለሚችል ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ትዕግሥትና እውቀት የሚጠይቀው የማይታየውን ውኃ ማስወጣቱ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ ንባብ ራሱ ያሳስታል። ስለዚህ ብሎኖቹን ፈጠን ብዬ አልፌ እርጥበቱ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ መሆኑን ያረጋግጡ

ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት የተቀመጠው ስስ የአልሙኒየም ወንፊት መሳይ ዕቃ ነው። ጋዙን ከሚጨምቀው ከኮምፕረሰሩ የሚመጣውን ትኩስ ጋዝ ከላይ ተቀብሎ፣ ሙቀቱን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ከታች ፈሳሽ አድርጎ ያስወጣዋል። ከፊት በመሆኑ የኮረኮንች መንገድ ጠጠር፣ ጭቃና ግጭት መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነው። ጋዝ ሲያፈስ ዘይትም አብሮ ስለሚወጣ የቀዳዳው ቦታ በአብዛኛው አቧራ የያዘ ቅባታማ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ሲስተሙ ውስጥ ግፊት እያለ የሳሙና አረፋ ይቀቡበት፤ አረፋው ከፈላ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። መጋጠሚያዎቹንም አብረው ይፈትሹ፤ አንድ ያረጀ ጎሚኒ በማፍሰሱ ብቻ ደህና ኮንደንሰር የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ኮምፕረሰሩ ውስጡ ተፈጭቶ ከሆነ ግን ኮንደንሰሩ ባያፈስም ይቀየራል። የዛሬ ኮንደንሰሮች ቀዳዳ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነና መንገዶቹም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ ማጠቢያው ክፍት በሆነው በኩል ያልፋል እንጂ በብረት ብናኝ የተዘጋውን አይከፍትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከመለዋወጫ በኩል ኮንደንሰሩ፣ አዲስ ድራየር (እርጥበት መጣጩ ዕቃ)፣ ለኤሲ የተሠሩ ኦሪንጎች (የመጋጠሚያ ቀለበት ጎሚኒዎች) እና በኮምፕረሰሩ ላይ የተጻፈው ዓይነት ዘይት ያስፈልጋሉ። ድራየሩ በአንዳንድ መኪና ራሱን የቻለ ቆርቆሮ ነው፤ በሌሎች፣ በተለይም በብዙዎቹ አዳዲስ ቶዮታዎች፣ በኮንደንሰሩ ጎን ባለው ቱቦ ውስጥ ስለሚገኝ አብሮ ይመጣል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮንደንሰር በርካሽ ይገኛል። ለበርና ለመብራት እዚያ መሄድ ደህና ነው፤ ኮንደንሰር ግን እዚያ ባይገዙ እመክራለሁ። አፉ ተከፍቶ ለወራት የከረመ ዕቃ አቧራና እርጥበት ጠጥቷል፤ ድራየሩ ውስጡ ከሆነ ደግሞ ድራየሩ ሞቷል። አዲስ ሲገዙም የሁለቱ አፎች ክዳን በቦታው መሆኑን ይመልከቱ።

ከመሣሪያ ማኒፎልድ ጌጅ (ሰማያዊው ለዝቅተኛው፣ ቀዩ ለከፍተኛው ግፊት የሆነ ጥንድ የግፊት መለኪያ)፣ ሁለት ደረጃ ያለው ቫኪዩም ፓምፕ፣ ማይክሮን መለኪያ (ጥልቅ ቫኪዩምን የሚለካ)፣ የናይትሮጅን ሲሊንደር ከግፊት መቆጣጠሪያው ጋር፣ በግራም የሚመዝን ሚዛን፣ መነጽርና ጓንት ያዘጋጁ። ማይክሮን መለኪያውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ከሌላው ይቆጥቡ፤ ከእሱ አይቆጥቡ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጋዙን ማውጣት

የኤሲውን ጋዝ፣ አር 134ኤን፣ ቱቦ ፈትቶ ወደ ሰማይ መልቀቅ ነውር ነው። አንዱ ኪሎ ግራም በ100 ዓመት ሲሰላ ከ1,300 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማያንስ ሙቀት ያስከትላል። የዓለም አገሮች በ2016 ኪጋሊ ላይ እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ የተስማሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ለሠራተኛውም አደጋ አለው፦ ፈሳሹ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ስለሚፈላ ቆዳንና ዓይንን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፤ እሳት ካገኘው መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ በአካባቢው ሲጋራም ሆነ የብየዳ እሳት አይኑር።

ጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን ከሌለዎት ማሽኑ ያለው ጋራዥ ሄደው ያስወጡ፤ ቱቦ ሳይፈቱ መኪናውን ወደ ቤት ይመልሱና ሥራውን ይቀጥሉ። ኤሲው እስኪሠራ ድረስ አያብሩት። ከጋዙ ጋር የወጣው ዘይት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነም ጠይቀው ይጻፉ።

በዚህ ቦታ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መኪናው ሃይብሪድ ወይም ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ ይህን መመሪያ ይዘው አይግቡበት። ኮምፕረሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ሲሆን ዘይቱም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የተለየ ዓይነት ነው። ለቤንዚን መኪና የሚሆነው ተራ ዘይት ጥቂት እንኳ ቢገባበት የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያበላሻል። ሥልጠና ላለው ባለሙያ ይተዉት።

መፍታትና መግጠም

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ በብዙ መኪና የኤርባግ ሴንሰር ከፊት በኩል፣ ልንነካካው ባሰብነው ቦታ ላይ ይገኛል። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉት የፊት ባምፐሩ ወይም ፍርግርጉ ይወጣል፤ ቀጥሎ የራዲያተሩ የላይኛው ማሰሪያ ተፈቶ ራዲያተሩ በቀስታ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ኮንደንሰሩ በተገኘው ክፍተት ይወጣል። የራዲያተሩን ውኃ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ፕላስቲክ ማያያዣዎቹን በካቻቪቴ ሳይሰብሩ ማውጣት ብቻ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ቱቦዎቹ የሚታሰሩት በአብዛኛው በ10 ቁጥር ቁልፍ በሚፈታ ትንሽ ብሎን ነው። የብረት ብሎን በአልሙኒየም ውስጥ ዓመታት ከቆየ ይጣበቃል፤ የዝገት ዘይት ቀብተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያነቃነቁ ያውጡት። መጋጠሚያው በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ሁለት ቁልፍ ይያዙ፦ አንዱ ዳዶውን ሲፈታ ሌላው ቱቦውን ይይዛል። አለበለዚያ አልሙኒየሙ ተጠምዝዞ ሌላ ወጪ ያመጣል።

ቱቦው በተፈታበት ቅጽበት አፉን በንጹሕ ክዳን ወይም በፕላስቲክና በላስቲክ ይድፈኑት። ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ ብለው አይሂዱ። የኤሲ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚጠጣ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ የሚጠጣው ሞልቶለታል። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ይህን ሥራ አለመጀመር ይሻላል።

አሮጌውን ኮንደንሰር ዘቅዝቀው በውስጡ የቀረውን ዘይት በመለኪያ ብርጭቆ ይቀበሉ። የወጣውን ያህል አዲስ ዘይት በአዲሱ ውስጥ ይጨምሩ፤ ሁሉም ፈስሶ አልቆ መለካት ካልተቻለ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ለትንሽ አውቶሞቢል ይበቃል። ጋዙ ሲሰበሰብ የወጣውንም ይተኩ። ዘይት ሲያንስ ኮምፕረሰሩ ይደርቃል፤ ሲበዛ ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። የዘይቱ ጣሳ አንዴ ከተከፈተ ከዓመት በኋላ ለሌላ መኪና አይሆንም፤ ለዚህ ትንሽ ጣሳ መግዛት ብልህነት ነው።

አዲሶቹን ኦሪንጎች በዚያው ዘይት ቀብተው ያስገቡ። የውኃ ቧንቧ ጎሚኒ መጠኑ ልክ ስለሆነ ብቻ አይሆንም፤ ጋዙና ሙቀቱ ያኮማትሩታል። ብሎኑን መጀመሪያ በጣት ያስጀምሩ፤ ጥብቀቱ ለትንሹ ብሎን ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ኦሪንጉ ነው የሚያሽገው እንጂ የእጅ ጉልበት አይደለም። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የነበሩትን ስፖንጆች ወደ ቦታቸው ይመልሱ፤ ካልተመለሱ ነፋሱ በጎን እየሾለከ ያመልጣል፤ አዲሱ ኮንደንሰርም እንደ አሮጌ ይሠራል።

ድራየሩ ከሁሉም በኋላ ይገጠም። በውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ ክዳኑ ከተነሣ ጀምሮ የከተማውን አየር መጠጣት ይጀምራል። አሮጌውን ቫኪዩም አድርጎ ማድረቅ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አይቻልም፤ የጠጣውን ውኃ የሚለቀው ፓምፑ ሊሰጠው በማይችል ከፍተኛ ሙቀት ነው።

በናይትሮጅን መፈተሽ

ቫኪዩም ከመጀመርዎ በፊት ደረቅ ናይትሮጅን ከ100 እስከ 150 ፒኤስአይ ድረስ በመቆጣጠሪያው በኩል ቀስ አድርገው ያስገቡ። ሁሉንም መጋጠሚያ አረፋ ይቀቡ፤ ቫልቩን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ይተዉትና ጌጁ መውረድ አለመውረዱን ይመልከቱ። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር በናይትሮጅን ፈንታ አይሆንም፤ ልናስወጣው የምንደክመውን ውኃ ራሱ ያስገባል። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ፈጽሞ አይሞከርም።

ውኃውን ማስወጣት

ቫኪዩም ፓምፕ ውኃን እንደ ገለባ አይመጥም። ሥራው ግፊቱን ዝቅ በማድረግ ውኃው በክፍሉ ሙቀት እንዲፈላና ተን ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድስት በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ ነው፤ ቫኪዩም ይህንኑ ነገር እስከ ጥግ መውሰድ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ውኃ እንዲፈላ በላዩ ያለው ግፊት ከ17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች መውረድ አለበት፤ በኅዳር ማለዳ 10 ዲግሪ ከሆነ ከ9.2 በታች። ቅዝቃዜ ሥራውን እጥፍ እንደሚያከብደው ከዚህ ይታያል። ስለዚህ በቀትር ይሥሩ፤ የሞተር ክፍሉ ሞቅ ያለ ይሁን፤ ኢቫፖሬተሩ (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) አካባቢ በፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር ይንፉ።

አሁን ወደ ጌጁ። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች መርፌው 29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪደርስ ይጠብቁ ይላሉ። ያ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ነው። የማኒፎልዱ ጌጅ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውጩ አየር ራሱ ወደ 22.5 ኢንች ብቻ ነው። ፓምፑ የመጨረሻውን ሁሉ ቢያወጣ መርፌው ከዚያ አያልፍም። ባሕር ዳር 24 ገደማ፣ ድሬዳዋ ከ25 ተኩል በላይ፣ ሰመራና ጋምቤላ ወደ 28 ይደርሳል። ይህን ያላወቀ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ አዲስ አበባ ላይ 22 አይቶ ፓምፑ ደከመ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ሌላው ስለ ከፍታው ሰምቶ መርፌው 20 ላይ ሲቆም “ደጋ ስለሆነ ነው” ብሎ ያልፈዋል፤ ውኃውም አብሮ ይቀራል።

በትክክል ያነበበ ሰው እንኳ በዚህ ጌጅ መጨረስ አይችልም። 20 ዲግሪ ላይ ውኃ መፍላት በሚጀምርበት ነጥብና በፍጹም ባዶነት መካከል ያለው ርቀት በመርፌው ላይ ከአንድ ኢንች ያነሰ ነው። ጉዳዩ ሁሉ የሚያልቀው በዚያች ስስ ክፍተት ውስጥ ነው። ማይክሮን መለኪያውን የግድ ያልሁት ለዚህ ነው። እሱ የሚለካው ከፍጹም ባዶነት ተነሥቶ ስለሆነ አዲስ አበባም ጅቡቲም ንባቡ አንድ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 1,000 ማይክሮን ነው፤ ግባችን 500 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ነው።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። ናይትሮጅኑን ይልቀቁ። ፓምፑን በማኒፎልዱ መካከለኛ (ቢጫ) ቱቦ ያገናኙ፤ ማይክሮን መለኪያውን ከፓምፑ ርቆ በመኪናው በኩል ይግጠሙ፤ ፓምፑ ጋ ከገጠሙት የሚነግርዎ የፓምፑን ጤና ነው። ሰማያዊውንም ቀዩንም ቫልቭ ይክፈቱና ፓምፑን ያስነሡ። ፓምፑ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ካለው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክፍት ይሁን፤ ተኑ በፓምፑ ዘይት ውስጥ ውኃ ሆኖ እንዳይቀር ይረዳል። የፓምፑ ዘይት ወተት ከመሰለ ይቀየር፤ ውኃ የጠጣ ዘይት ጥልቅ ቫኪዩም አይሰጥም።

ወደ 2,000 ማይክሮን ገደማ ሲደርስ ቫልቮቹን ዘግተው ደረቅ ናይትሮጅን ግፊቱ ከውጩ አየር ጥቂት እስኪበልጥ ያስገቡ፤ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ይልቀቁና እንደገና ቫኪዩም ያድርጉ። ይህን ሁለት ጊዜ ደግመው ሦስተኛውን እስከ 500 ያውርዱት። ናይትሮጅኑ ደረቅ ስለሆነ በማዕዘን የተደበቀውን ተን ይዞ ይወጣል፤ ሙቀትም ይመልሳል። ጠንካራ ፓምፕ ግፊቱን በአንድ ጊዜ ሲያወርድ ውኃው ከመፍላቱ ብዛት ራሱን አቀዝቅዞ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ ደግሞ የሚተነው እጅግ በዝግታ ነው። ብዙ ሰዓት የሠራ ፓምፕ ያላደረቀው ሲስተም በሦስት ዙር የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ናይትሮጅን ባስገቡ ቁጥር የማይክሮን መለኪያውን ቫልቭ መዝጋት እንዳይረሳ፤ ግፊት ያበላሸዋል። የመጨረሻው ዙር ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይሂድ፤ ሲስተሙ ለቀናት ተከፍቶ ከነበረ ከዚያም ይርዘም።

500 ላይ ሲደርስ ማኒፎልዱን ዘግተው ፓምፑን ያጥፉ፤ ዓይንዎ ማይክሮን መለኪያው ላይ ይሁን። በ15 ወይም 20 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ከፍ ብሎ ከ1,000 በታች ከቆመ ደርቋል፤ ዘይቱ ራሱ ትንሽ ጋዝ ስለሚለቅ ፍጹም ጸጥታ አይጠበቅም። ወጥቶ 2,000 ወይም 3,000 አካባቢ ከረጋ ውኃ አለ፤ ወደ ናይትሮጅኑ ይመለሱ። ሳያቆም ከወጣ፣ ከወጣ ቀዳዳ አለ፤ ቱቦዎን ጨምሮ ይፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የማኒፎልዱ ያረጀ ጎሚኒ ነው። ይህች የ20 ደቂቃ ጥበቃ የሥራው ሁሉ ምስክር ናት፤ መሽቷል ተብሎ የምትዘለል አይደለችም።

ጋዝ መሙላት

መጠኑ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል፤ ለብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ400 እስከ 600 ግራም ባለው ውስጥ ነው። የጋዙም ዓይነት እዚያው አለ፤ አር 134ኤ እና አር 1234ዋይኤፍ አይቀላቀሉም። በግፊት መሙላት ደጋ ላይ ሁለተኛው ስሕተት ነው። አር 134ኤ በዜሮ ዲግሪ ሲፈላ ባሕር ጠረፍ ላይ ጌጁ 28 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ ለዚያው ሙቀት 31 ያህል ያሳያል። ከውጭ የተጻፈ ሠንጠረዥ ይዞ የሚሞላ ሰው መርፌው ቀድሞ ስለሚደርስለት ጋዙን አጉድሎ ያቆማል። ሚዛን ግን ከፍታ አያውቅም።

የኤሲውን ጋዝ ሲሊንደር ሚዛን ላይ ያድርጉ፤ በቢጫው ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር በትንሽ ጋዝ ያስወጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጋዙን በፈሳሽ መልክ በቀዩ በኩል ያስገቡ፤ ቫኪዩሙ ራሱ ይስበዋል። መግባት ሲያቆም ቀዩን ቫልቭ ይዝጉና ከዚያ በኋላ አይንኩት፤ ሞተር እየሠራ ቀዩን መክፈት ከፍተኛውን ግፊት ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። ፈሳሹ ኮምፕረሰሩን እንዳይመታው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው በሮቹን ይክፈቱ፤ ኤሲውን በመጨረሻው ቅዝቃዜና ነፋስ ያብሩ፤ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 1,500 ያድርሱና ቀሪውን በሰማያዊው በኩል፣ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጋዝ መልክ ብቻ ያስገቡ።

የራዲያተሩ ማራገቢያ ኤሲው ሲበራ አብሮ መነሣቱን ይመልከቱ። ቴርሞሜትር በመካከለኛው የአየር መውጫ ያስገቡ፤ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከሰጠ ደህና ነው። የቀዩ ጌጅ ግፊት ከልክ በላይ ከወጣ ኮንደንሰሩ ላይ ውኃ ይርጩ፤ ወዲያው ከወረደ ጉድለቱ የነፋስ ነው፣ ማራገቢያውንና ስፖንጆቹን ይፈትሹ።

ፈተናው ግን ግቢ ውስጥ አያልቅም። ኤሲውን ሳያጠፉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይንዱ፤ ቢቻል ወደ ቆላ። በረዶ የምትሠራ እርጥበት ካለች የምትገለጠው በዚያ ርዝመት ነው። ከዚያ በኋላ የተሞላውን ግራም፣ የተጨመረውን ዘይት ዓይነትና መጠን፣ የደረሱበትን ማይክሮንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በኮፈኑ ሥር ይለጥፉ። የሚቀጥለው መካኒክ፣ እርስዎም ቢሆኑ ሌላ ሰው፣ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።